«አስመልሱት!» ከማለት በፊት

ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ባሉት የጉለሌ ሰፈሮች በረኪና የማይሸጥበት ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል። የአምራቹ ስምና ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበት አለ። ከትልቅ ጀሪካን እየተቀዳ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ግን ስምም ማስጠንቀቂያም የለውም። ፈሳሹ ውሃ ይመስላል፤ ጠርሙሱም የውሃ ነው። ቤት ሲገባ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ወይም ከአልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ድክ ድክ የሚል ሕፃን እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው ቦታ ማለት ነው።

ሕፃኑ አንዴ ተጎንጭቶ ሲጮህ ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ ወተት ይዛ ትሮጣለች፤ ሌላዋ ጥሬ እንቁላል ትመታለች። የኦሞ ውሃ የሚበጠብጥ፣ ጨው የሚያሟሟም አይጠፋም። አባት ጣቱን ወደ ልጁ ጉሮሮ ይሰዳል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «አስመልሱት! ይውጣለት!»

የጎረቤቱ ቅንነት አያጠያይቅም። የሚሰጠው እርዳታ ግን ልጁን ከበረኪናው ይልቅ ሊጎዳው ይችላል። የሕክምናው ዓለም ራሱ የተመረዘን ሰው ቤት ውስጥ ማስመለስን ለረጅም ዘመን ሲመክር ኖሮ፣ ከሃያ ዓመት በፊት እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ይህ ዜና ግን የጉለሌ ጓዳዎች ዘንድ በቅጡ አልደረሰም። እንዲደርስ ማድረግ ደግሞ በድንጋጤ የሚራወጡ እናትና አባት ሥራ አይደለም። የጤና ተቋማቱ ሥራ ነው፤ በተለይም እዚያው ጉለሌ ውስጥ የሚገኙት ተቋማት።

ጉዳዩ የሕፃናት ብቻ ቢሆን እንኳ ከባድ ነበር። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 በመመረዝ ምክንያት በታከሙ 116 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ከመቶው 43 ያህሉን የመረዘው የቤት ማጽጃ ኬሚካል ነበር። ከመቶው 21 የሚሆኑት ደግሞ ኦርጋኖፎስፌት በሚባሉት የተባይ ማጥፊያዎች የተመረዙ ናቸው፤ ብዙ ቤት ለነቀዝና ለትኋን የሚገዛው ማላታይን የዚህ ወገን ነው። ከመቶው ከ96 በላይ የሚሆኑት የወሰዱት በስህተት ሳይሆን ሆን ብለው ነበር።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ስለ ማስመለስ ብዙ ይናገራል። በጭንቀት ወይም በተስፋ መቁረጥ እንዲህ ያለ ነገር የጠጣ ሰው ቤት ውስጥ ሲገኝ፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስበው ሰው እንዳይሰማ ነው። በሩ ይዘጋል፣ ወተት ይፈለጋል፣ ማስመለስ ይሞከራል። ሐኪም ቤት የሚታሰበው ይህ ሁሉ ካልሆነ በኋላ ነው። እናም ማስመለስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንዴ ወደ ላይ በሚያመጣው ነገር፣ ሁለተኛ በሚበላው ሰዓት። እንዲህ ያለው ሰው ቶሎ ሐኪም ፊት መቅረብ ያለበት ለመርዙ ብቻ ሳይሆን ወደዚያ ላደረሰው ሕመምም ጭምር ነው።

ታዲያ እምነቱ ለምን ይህን ያህል ጸና? ከሥሩ ያረጀ ልምድ አለ። የሆድ ትልን ለማስወጣት ኮሶ የጠጣ ትውልድ ገና በሕይወት አለ። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ የጠጣው ሰውም ቀኑን ከሥራ ነፃ ሆኖ ይውላል። ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ይላል። ካላለም «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። በእርግጥ ትሉን የሚያጠቃው በአበባው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር እንጂ ትውከቱ አይደለም። እንዲያውም ጠጪው ቶሎ ካስመለሰ መድኃኒቱም አብሮ ወጥቶ ይባክናል። ሰው ግን ያየውን ያምናል፤ ትሉ ሲወጣ ያየው ባስመለሰበት ቀን ነውና ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። መጠኑ ያለፈ ኮሶ ዓይንን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተጽፏል።

እንዶድም የራሱ ታሪክ አለው። ሥሩና ፍሬው ሲጠጣ ሆድን ያገላብጣል፤ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የባህል ሐኪሞች ለእብድ ውሻ ንክሻ ያጠጡታል። ታማሚው ክፉኛ ሲያስመልስ «የውሻው መርዝ ወጣ» ይባላል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ግን ሆድ ውስጥ የለም። ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ስለዚህ የቱንም ያህል ቢያስመልሱ አይገኝም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ማዳን የሚቻልበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

በዚህ ረገድ ጉለሌ የራሷ ምስክር አላት። ሰዉ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው ተቋም፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን ፌርሚ የተባለ ክትባት ለአሥርት ዓመታት ሲያመርት ቆይቷል። ውሻ የነከሰው የአዲስ አበባ ሰው ወደ ፓስተር ሄዶ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ መወጋት ነበረበት። ያማል፣ ያሰለቻል፤ ሰው ግን «ውሻ ከነከሰህ ፓስተር ሂድ» የሚለውን ለመደ። ልማድ እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም።

የማስመለስ እምነት ሦስተኛው ሥር ከፍ ብሎ እንጦጦ ላይ ነው። በእንጦጦ ማርያምና በኪዳነ ምሕረት ጸበል ከሚጠጡት መካከል ወደ ላይ የሚላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይህም በምእመኑ ዘንድ የክፉ ነገር መውጣት ተደርጎ ይታያል። ይህ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ጋዜጣ የሚፈርድበት አይደለም። ግን ከዚያው ተራራ አንድ ጠቃሚ ትምህርት መውሰድ ይቻላል። የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ትተው በጸበል ብቻ የሚቆዩ ሕሙማን በበዙበት ወቅት፣ በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ሰው እምነቱን እንዲጥል አልተጠየቀም፤ ክኒኑን እንዳይጥል ነው የተነገረው። በመመረዝ ጉዳይም ሊነገር የሚገባው ተመሳሳይ ነው፦ ጸሎቱ ይቀጥል፣ ልጁ ግን ከጸሎቱ ጋር ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

በዚህ ልማድ የሚታማው ሐበሻ ብቻ እንዳይመስል፣ ፈረንጁም ማስመለስን ከማንም በላይ አምልኮት ነበር። ከብራዚል ደን የመጣችው ኢፔካኩዋና የምትባል ሥር ፓሪስ ውስጥ ለተቅማጥ ስትሰጥ ዝናዋ ስለ ገነነ፣ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ምስጢሯን እ.ኤ.አ. በ1688 ከሐኪሙ ሄልቬቲየስ በ1,000 የወርቅ ሉዊ ገዙት። እ.ኤ.አ. በ1817 ፔልቲየርና ማዠንዲ ከሥሯ ውስጥ ኤመቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከዚችው ሥር የሚሠራው የኢፔካክ ሽሮፕ ጨጓራን እየቆጠቆጠ፣ በአንጎል ግርጌ ያለውን የማስመለሻ ማዕከልም እየቀሰቀሰ በ20 ደቂቃ ገደማ ወደ ላይ ያሰኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 በ30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደች። ሐኪሞችም ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ጠርሙስ እንዲያስቀምጥ ይመክሩ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሕክምና ራሱን ሲያርም ምን እንደሚመስል ያሳያል። ተመራማሪዎች ጤነኛ ፈቃደኞችን ጉዳት የሌለው ነገር እያስዋጡ፣ ሽሮፑን ሰጥተው፣ ከሆዳቸው ምን ያህሉ እንደወጣ ለኩ። ውጤቱ ወጥነት አልነበረውም፤ አንዱ ጋ ብዙ፣ ሌላው ጋ ጥቂት ይወጣል፤ ደቂቃው በጨመረ ቁጥርም የሚወጣው ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ፣ ሽሮፑ የተሰጣቸው ሕሙማን ካልተሰጣቸው ይልቅ እንደሚሻላቸው የሚያሳይ ማስረጃ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካና የአውሮፓ የመርዝ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት አቋም መድኃኒቱ በዘልማድ መሰጠቱ እንዲቀር አሳሰቡ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ወላጆች ቤት ያለውን ጠርሙስ እንዲያስወግዱ መከረ። የገዛ ምክሩን ነው የሻረው።

ኢፔካክ በጥናት የተፈተነ፣ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ነበር። እሱ ከወደቀ የኦሞ ውሃ በምን ይቆማል?

ከእነዚህ ጥናቶች ባሻገር፣ በኛ ቤት የሚገኙት መርዞች ራሳቸው ለማስመለስ የማይመቹ ናቸው። በረኪና ሲወርድ ጉሮሮንና የምግብ ቱቦን ይለበልባል፤ ሲመለስ ያንኑ የተለበለበ መንገድ ደግሞ ይለበልበዋል። ላምባ፣ ነጭ ጋዝ የሚባለው፣ ሆድ ውስጥ ብዙም አይጎዳም፤ ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ግን በትውከት መሐል አንዲት ጠብታ ወደ አየር ቧንቧ ከገባች ሳንባ ውስጥ ትሠራጫለች፤ ልጁን የሚያሰጋውም የሳንባው ጉዳት ነው። ማላታይንን የመሳሰሉት ደግሞ ነርቭን ያናውጣሉ፤ ምራቅና አክታ ያበዛሉ፣ ቀጥሎም ራስን ያስታሉ። እያንቀላፋ ያለን ሰው ማስመለስ ትውከቱን ወደ ሳንባው መጋበዝ ነው። የእንቅልፍና የሚጥል በሽታ ክኒኖችም እንዲሁ ናቸው።

ጨው የተለየ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም። በውሃ የተበጠበጠ ብዙ ጨው የጠጣ ትንሽ ልጅ ካላስመለሰ ጨው በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ አንጎሉ ውሃ ያጣል፤ ያንቀጠቅጠዋል። መርዙ ሳይሆን «ማርከሻው» የገደላቸው ሰዎች በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግበዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይህ ሁሉ መከራ ሳያስፈልግ የሚመጣ ነው። በውሃ የቀጠነ የቤት በረኪና አንዴ የቀመሰ ልጅ፣ አፉ ተጉመጥምጦ በባለሙያ ቢታይ በአብዛኛው ያለ ከባድ ጉዳት ያልፍለታል። ችግሩ በሃይላንድ የተሸጠው በረኪና ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ የሚነግር ጽሑፍ አለመኖሩ ነው።

የሚያስመልሱ ነገሮች ከሕክምና ጨርሰው አልተባረሩም። የሚገርመው እውነተኛ ቦታቸውን ያገኙት ማስመለሳቸው ሲቀር መሆኑ ነው። ኤመቲንን ሊዮናርድ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1912 ካልካታ ውስጥ በመርፌ ለአሜባ ሰጠ፤ ልብን የሚጎዳ ቢሆንም፣ ዛሬ ማንም የጉለሌ ነዋሪ የሚያውቀው ፍላጅል እስኪመጣ ድረስ ብዙ ነፍስ አትርፏል። በአንቲሞኒ የሚሠራው የጥንቱ ማስመለሻ ጨውም እንዲሁ ነው። ብራዚላዊው ጋስፓር ቪያና እ.ኤ.አ. በ1912 ለሌይሽማኒያ፣ ክሪስቶፈርሰን ደግሞ በ1918 ካርቱም ውስጥ ለቢልሃርዚያ በደም ሥር ሰጡት። ከዚያው ማዕድን የተገኘው የተሻሻለ መድኃኒት እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ከሁመራና ከመተማ እርሻዎች ካላ አዛር ይዘው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ሲወጉት የቆየ ነው። አፖሞርፊን ዛሬ ለፓርኪንሰን ሕሙማን ይሰጣል፤ ለማስመለሻነት የቀረው ለእንስሳት ሐኪሞች ነው። እነሱም ቢሆኑ በረኪና ወይም ላምባ ለጠጣ ውሻ አይሰጡትም።

እንዶድም ከሆድ ወጥቶ ወንዝ ሲገባ ከበረ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነውና ግኝቱ ዓለምን አነጋገረ፤ እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። አገር በቀል ዕፅን መመርመርና በዕፅ ማስመለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛውን ማክበር ሁለተኛውን መቀበል አይደለም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። «የጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ሐኪም ቤት በእግር ግማሽ ቀን ለሚርቅበት ገበሬስ?» ይባላል። ርቀቱ ግን ክርክሩን ይበልጥ ያጠነክረዋል። የራቀ ሰው ሳንባው ውስጥ ትውከት ቢገባበት ኦክስጅን የሚሰጠው፣ ጨው ቢያንቀጠቅጠው የሚረዳው በቅርብ የለም። ሆስፒታሎች ራሳቸው እንኳ ጨጓራ ማጠብን ዛሬ ለጥቂት ሕሙማን ብቻ፣ ያውም በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ካልሆነ አይመክሩትም። በሆስፒታል የሚደረገው ሌላ ነው፦ አየር ቧንቧውን መጠበቅ፤ ለሚመጠጡት መርዞች በጊዜው አክቲቬትድ ቻርኮል የተባለውን መድኃኒት መስጠት፤ ለማላታይን ዓይነቱ አትሮፒን መውጋት። አክቲቬትድ ቻርኮል የምድጃ ከሰል አይደለም፤ በረኪናንና ላምባንም አይመጥጥም። ለገበሬው የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያው ውስጥ አትሮፒን መኖሩና መጓጓዣ ማግኘቱ ነው፤ ማስመለስ ይህን አይተካለትም።

ስለዚህ ጥያቄው ማን ይናገር የሚለው ነው። ጉለሌ ክፍለ ከተማ በዚህ ረገድ ሰበብ የለውም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ እዚያው ነው፤ ድንገተኛ አደጋ የሚታከምበት አቤት ሆስፒታልም በእሱ ሥር ነው። ፓስተርም እዚያው ነው። በኮቪድ ወቅት የኢንስቲትዩቱን 8335 ቁጥር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሕፃን አልነበረም። በሬዲዮ፣ በስልክ መጥሪያና በግድግዳ ወረቀት ያ ቁጥር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሁሉ ሰው አፍ ገባ። ያው መስመር «ልጄ በረኪና ጠጣ፤ ምን ላድርግ?» ለሚል ደዋይ ሌት ተቀን መልስ እንዲሰጥ፣ ይህም በዚያው ልክ እንዲነገርለት ማድረግ ይገባል። በመስመሩ ላይ የሰለጠነ ሰው መቀመጡም ይረጋገጥ። አንዲት እናት በዚያች ደቂቃ የሚያስፈልጋት ጎረቤት ከሚሰጣት አምስት ምክር ይልቅ የአንድ ባለሙያ ድምፅ ነው።

ምክሩ ራሱ አጭር ነው፤ በየጤና ጣቢያውና በየእድሩ ድንኳን ቤት ደጃፍ ሊለጠፍ ይችላል። አታስመልሱ። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፤ የነካው ቆዳ ወይም ዓይን ካለ በብዙ ውሃ እጠቡ። እያንቀላፋ ከሆነ በግራ ጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አትስጡት። ወደ 907 ወይም 939 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ካልመጣ በተገኘው መኪና ውሰዱት። ጠርሙሱን ወይም የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደተጠጣ ካላወቀ ጊዜ ያልፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ቤት ለቤት ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ይህን ማከል የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ግን የጤና ባለሙያ ብቻውን የሚወጣው አይደለም። በረኪና ከጀሪካን እየቀዳ በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ የሚሸጥ ነጋዴ እስካለ ድረስ ትምህርቱ ሁልጊዜ ከአደጋው በኋላ ይደርሳል። ሱቅ የሚቆጣጠሩት የከተማውና የክፍለ ከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ናቸው፤ ዋጋ ለመቆጣጠር በየሱቁ ሲዞሩም ይታያሉ። በዚያው ዙረት ማጽጃና ተባይ ማጥፊያ በውሃና በለስላሳ ጠርሙስ እንዳይሸጥ ቢከለክሉ፣ የሚሸጠውም ስሙ፣ ብርታቱና የመደወያ ቁጥሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈበት እንዲሆን ቢያስገድዱ፣ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያሻም። አምራቾችም ክዳኑን ልጅ የማይከፍተው ቢያደርጉት የሚጨምረው ዋጋ ገበያውን አይዘጋባቸውም። ክፍለ ከተማው ይህን ከአዲሱ ገበያና ከሽሮ ሜዳ ሱቆች ሊጀምረው ይችላል፤ የጳውሎስ ሐኪሞችም በድንገተኛ ክፍላቸው የሚመጡትን የተመረዙ ሕሙማን ቁጥር ከእርምጃው በፊትና በኋላ መዝግበው ለከተማው ምክር ቤት ሊያቀርቡ ይችላሉ።